ይህ ሰው አንድ ነገር ያውቃል

ዱሉዝ፣ የጥር ማታ። ሐይቁ በረዶ ለብሶ ቆሟል፣
የማዕድን መርከቡ ከወደቡ ታስሮ ጩኸቱን አቁሟል።
በሎርና ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ከሚያንኳኳበት፣
ሦስት ዓለም ዘረጋን፣ የሾርባ ቆርቆሮ በየጥጉ ጭነንበት።

አንዱ የእኔ ነው፤ የጨው በረሃ፣ ፀሐዩ የማይጠልቅ፣
በአሥራ አራት ዓመቴ፣ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ የሣልኩት ስደበቅ።
አንዱ የሎርና ነው፤ መቶ አሥር ደሴት፣ መቶ አሥር ንግሥት፣
ሁሉም የተኳረፉ በአንዲት የጠፋች የብር ማንኪያ ምክንያት።
ሦስተኛው የዌንደል ነው፣ ጥቅምት ላይ የሄደው፣
ልጁ ብሪት በቦት ጫማው ካርቶን፣ በላስቲክ አስራ ያመጣችው፤
ተራራ በተራራ፣ ዘንዶ በየዋሻው፣ መንገዱ በቀይ እስክሪብቶ፣
ደቡቡ ግን ባዶ፤ “በኋላ እጨርሳለሁ” የሚል ጽሑፍ ብቻ ተትቶ።

መስፋት ቀላል መስሎን፣ መቀስና ሙጫ፣ ማስመሪያም ይዘን፣
ገና ከመጀመሪያው ስፌት በጣት ስፋት ተያዝን፤
የእኔ አንድ ጣት የሦስት ቀን መንገድ ናት፣ የእርሱ አንድ ጣት የአንድ ሰዓት፣
ፈጣኑ መልእክተኛዬ ድንበሩን ሲያልፍ ቀንድ አውጣ ይሆናል በድንገት።
የእርሷ ኤልፎች ድሮ ጠፍተዋል፣ የእርሱ በግንብ ውስጥ ይዘፍናሉ፣
የእኔዎቹ ውሃ ሻጭ ናቸው፣ ፀሐይ ያከሰላቸው፣ ዋጋ ሲጨምሩ ይምላሉ።
ሎርና ሁለት ጨረቃ አላት፣ ዌንደል አንዲት ብቻ፣ እኔ ጭራሽ የለኝ፣
“ታዲያ ማዕበሉን ማን ይጎትተው?” አለች፣ ባሕር እንደሌለኝ ረስታ ስትሞግተኝ።

አገር ሲያረጅ ጃርት ያበቅላል፤ ሦስቱም አርጅተዋል፣
ዘንዶዎቹ እንኳ በላጲስ እየተፋቁ ጥርሳቸው አልቋል።

ደግሞ የሙታን ነገር። በእርሷ ዘንድ ሙት በጀልባ ይሄዳል፣
በእኔ ዘንድ ጨው ይሆናል፣ ግመል ይልሰዋል።
በዌንደል ዘንድስ? ገጹን ገልብጠን ገልብጠን አጣን፤ አልጻፈም።
አርባ ዓመት በዳይስ ሲገድለን ኖሮ፣
ወዴት እንደሚሰደን አንድ ቀን አልነገረንም።

ሎርና ብርጭቆዋን አስቀመጠች።
ማጠቢያው ጨመቀ፣ ጨመቀ፣
ቆመ።

ከዚያ በግማሹ ተስማማን። ትርፏን ጨረቃ ሸጥናት ለድንኮች፣
ጉድጓዳቸው ውስጥ ሰቀሏት፣ መብራት ሆነች ለቆፋሪዎች።
የንግሥቶቹን ማንኪያ ከእኔ ጨው ሥር ቀበርነው፣
ሎርና ሣቀች፤ ከጥቅምት ወዲህ ይህን ሣቅ ያየሁት ዛሬ ነው።
ፈረሱስ? በአንዱ አገር ይፍጠን፣ በሌላው ያዝግም፣
ለእኛስ ቢሆን ቀን ሁሉ እኩል ተራምዶልን አያውቅም።

ሦስቱ ጠርዞች የተገናኙበት ላይ፣ ሙጫው ገና እርጥብ ሳለ፣
አንዲት ነጥብ አየን፤ የዌንደል ማደሪያ ቤት፣ ከመንገድ ዳር ያለ።
ባለቤቱ ኦስኪን ይባላል። አንካሳ። ሾርባው ቀጭን።
ከስሙ ሥር በእርሳስ፣ በዚያ በተጣደፈ እጁ፦
“ይህ ሰው አንድ ነገር ያውቃል።”
ሌላ ምንም የለም።

ብሪት ጋ ደወልን፤ አታውቅም። የድሮ ደብተሩን ፈተሽን፤ የለም።
ሎርና ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ አንሥታ በመዳፏ አሞቀችው፣
“ከአሥር በላይ ከወጣ ምስጢሩን እኛ እንፈጥራለን” ብላ ወረወረችው፤
ተንከባለለ፣ በረሃዬን አቋረጠ፣ ደሴት ለደሴት ዘለለ፣
ከጠረጴዛው ወድቆ ከማጠቢያው ሥር ገባ፣ እዚያው ዋለ።

አልጎነበስንም። ጉልበታችን አሞናል ተባባልን፣
ደቡቡን እንደ ባዶነቱ ተውነው፣ መብራቱን አጠፋን።

ኦስኪን ግን አልተኛም። በሌሊት እንግዶች ደጁን ያንኳኳሉ፣
አንዱ ከባሕር፣ ልብሱ የራሰ፤ አንዷ ከጨው፣ ከንፈሯ የተሰነጠቀ፤
ለሁሉም ቀጭን ሾርባውን ይቀዳል፣ ይሰማል፣ አይናገርም።
ሦስተኛው፣ ከባዶው ደቡብ የመጣው፣
በሩ ላይ ቆሞ
ከቦት ጫማው በረዶ ያራግፋል።